ገምግሙኝ ያለው ዕጩ

ወንበሩ ሱሌማን ግንባር ላይ ሲያርፍ የተሰማው ድምፅ ጣውላ ከጣውላ ጋር የተጋጨ ያህል ደረቅ ነበር። ሱሌማን አልጮኸም። እጁን ወደ ግንባሩ ሰደደና ጣቶቹ ላይ ያለውን ደም ግራ በተጋባ ዓይን ተመለከተው። ሁለተኛው ወንበር ከኋላው ሲመታው ግን ተንበረከከ።

"ሰላይ!"

"የፋኖስ ተላላኪ!"

"ጎትታችሁ አውጡት ይሄን ባንዳ!"

የእድሩ አዳራሽ የቆርቆሮ ጣሪያ በጩኸቱ ተንቀጠቀጠ። እናቶች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ወደ ግድግዳው ሸሹ። ወጣቶቹ ሱሌማንን በኮሌታው ይዘው በአግዳሚዎቹ መሃል ሲጎትቱት አንድ ጫማው ወለቀ፤ ከኋላ የሚመጡት እየረገጡት አለፉ። የሰፈሩን ወጣቶች ለቅስቀሳ የሚያስተባብረው ቴዎ የባንዲራውን ዘንግ ገልብጦ ይዞ በወደቀው ሰው ጎን ላይ ያሳርፍ ነበር። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣ ምንጣፍ እንደሚያራግፍ ሰው።

መድኃኒት ከፊት ረድፍ፣ ከክብር እንግዶች መሃል ተነሥታ ቆማለች። እግሯ ግን አልንቀሳቀስ አላት። ቴዎን በልጅነቱ ታውቀዋለች፤ ባለቤቷ አርአያ ሳሎናቸው ውስጥ አስቀምጦ ሂሳብ ያስጠናው ልጅ ነው። በመድረኩ ላይ ዕጩው ዘነበ ማይክሮፎኑን እንደያዘ "ወገኖቼ፣ ተረጋጉ እንጂ፣ ወገኖቼ..." ይላል። ድምፁ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃበት የሚጠነቀቅ ሰው ድምፅ ነበር። ከመድረኩም አልወረደም።

ሱሌማን ላይ ይህ ሁሉ የወረደው በእሷ ምክንያት እንደሆነ መድኃኒት ታውቃለች። አንዲት ቃል ሳይወጣት።

ነገሩ የተጀመረው በሳቅ ነበር። በዚያ ምርጫ ካዛንችስ ላይ የሚፎካከሩት ምልክቶች ሁለት ናቸው፤ ሥልጣን ላይ ያለው ፓርቲ ፋኖስ፣ ተቃዋሚው ድልድይ። ዘነበ ለብዙ ዓመታት የፋኖስ ሰው ነበር፤ አሁን የድልድይ ዕጩ ሆኖ ቀርቧል። ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ ከመድረኩ ጫፍ ቆመ።

"እኔ ከወጣሁበት ቤት ሰው የሚገመገመው በር ተዘግቶ ነው፤ እኔ ግን በሩን በርግጄ መጥቻለሁ። ገምግሙኝ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ግምገማን ቀምሶታል። ሠራተኛው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ አንዱ ይነሣና የባልደረባውን ጉድለት ይዘረዝራል፤ ሌላው ይቀበለዋል፤ ዝም ያለም በዝምታው ይገመገማል።

"ሂስ ያለው ይነሣ!" አለ ዘነበ። "እኔ ግለ ሂሴን ጠጥቼ ነው የመጣሁት።"

"ከርስህ ገፍቷል! ሌላ ምን ጉድለት አለህ!" አሉ ከኋላ አንዲት አሮጊት። ደግሞ ተሳቀ።

ያኔ ነው ሱሌማን የተነሣው። ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ዳር የቀለምና የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ነጋዴ ነው።

"አቶ ዘነበ፣ እኔ ቀልድ አላውቅበትም። በቃ፣ እንዳለ ልጠይቅዎ።"

"ጠይቀኝ ወንድሜ! ለዚህ አይደል የመጣነው?"

"እርስዎ ከፋኖስ የወጡት፣ ኢንጂነር አርአያ በግምገማ የተባረሩ ዕለት ነው ብለውናል። ተቃውመው፣ እጃቸውን ይዘው አብረው እንደወጡ። እኔ ግን ለመሥሪያ ቤታችሁ ቧንቧ አቀርብ ነበር። እሳቸው ከተባረሩ በኋላ፣ ማለቴ ሁለት ክረምት ሙሉ፣ እርስዎን በፓርቲው መኪና ሲመጡ ነው የማየው። ቢሮዎም ሰፍቶ ነበር። ታዲያ መቼ ነው የወጡት? ያኔ ለእሳቸው ያልታመኑ ሰው አሁን ለእኛ እንደሚታመኑ በምን እንወቅ?"

ሳቁ ቆመ። ዘነበ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገና እጁን ወደ ፊት ረድፍ ዘረጋ።

"ስለ ራሴ እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? ምስክሬ እነሆ፣ የአርአያ ባለቤት! አርአያ ነፍሱ ስትወጣ እጄን ጨብጦ 'ሕዝቡን አደራ' ሲለኝ አጠገባችን ነበረች። ዋሽቼ ከሆነ ትነሣና ትበለኝ!"

ሰው ሁሉ ወደ መድኃኒት ዞረ።

አርአያ ሲሞት በክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። ስለ ሕዝብም አልተናገረም። ውሃ ጠየቃት፤ ብርጭቆውን ከንፈሩ ላይ ስታደርስለት መዋጥ አቅቶት በአገጩ ላይ ፈሰሰ፤ በጥፋቱ እንደሚያፍር ልጅ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ሌላ ነገር የለም። በዚያ ግምገማ ላይም መጀመሪያ እጁን ያወጣው ራሱ ዘነበ ነበር። "አርአያ ሙያውን ያውቃል፤ ለመስመሩ ግን ታማኝ አይደለም" ብሎ ነው የጀመረው። የዘነበን ቃል ሌሎቹ ተቀባበሉት። አርአያ ያን ቀን ቤት ገብቶ ነገሩን አንዴ ብቻ ነገራት። "ለማንም እንዳትናገሪ፤ ልጆች አሉት" አላት። ከዚያ በኋላ አላነሣውም፤ እሷም አላነሣችም።

ታዲያ ይህን ለማን ትናገረዋለች? ለዚህ ሁሉ ሕዝብ? በለቅሶው ላይ እንኳ ደረቷን ያልመታች ሴት ናት። ዩኒቨርሲቲ አብረዋት የተማሩ ጓደኞቿ ሊያጽናኗት ሲመጡ ስለ አየሩ ታጫውታቸው ነበር። ዛሬም ብትሆን ወዳ አልመጣችም። ዘነበ የእድሩን ዳኛ ጋሽ ሊካሳን አስቀድሞ ቤቷ መጥቶ "አትናገሪም፤ ተቀመጪልኝ ብቻ" አላት። በዚያ ሽበታቸው ደጇ የቆሙ ሽማግሌን ባዶ እጃቸውን ልትመልሳቸው አልቻለችም።

የጥቁር ነጠላዋን ጫፍ ወደ ፊቷ ሳበችና አቀረቀረች።

በዚያ ሰፈር ባሏን ያጣች ሴት ስለ ባሏ ተነሥቶባት ፊቷን ከሸፈነች ሁለተኛ የሚጠይቃት የለም። ያ መልስ ነው።

"አያችሁ? አለቀሰች!" ብሎ ጮኸ አንዱ።

"የሟች ሚስት ካቀረቀረች ሌላ ምን ምስክር ትፈልጋላችሁ?" አሉ ጋሽ ሊካሳ።

ሱሌማን አልተቀመጠም። "ወይዘሮ መድኃኒት፣ እባክዎ፣ አዎም ይሁን አይደለም አንድ ቃል ይናገሩ" አለ።

"ጭራሽ በሟች ሚስት ቁስል ላይ እንጨት ይሰዳል! ማን ነው የላከህ?"

ወንበሩ የመጣው ያኔ ነው።

ሱሌማንን በላዳ ታክሲ ጭና ክሊኒክ ያደረሰችው ራሷ መድኃኒት ናት። የአዳራሹ ዘበኛ በብብቱ ይዞ አገዛት እንጂ ሌላ እጁን የዘረጋ አልነበረም። ሐኪሙ ግንባሩን እየሰፋ "የጎን አጥንቱ ተሰብሯል፤ ሳንባውን ሳይነካው አይቀርም። እዚህ አይሆንም፣ ወደ ሆስፒታል እንጽፍለታለን" አለ። ሱሌማን በተነፈሰ ቁጥር ከአፉ ጥግ ቀይ አረፋ ይወጣል።

ሀምዲያ፣ ሚስቱ፣ ሽቲ ቀሚሷ እግሯ ላይ እየተጠላለፈ ደረሰች። አልጋው ጫፍ ስትደርስ ቆመች፤ ልትነካው ፈራች።

"ማን ነው? ማን ነው እንዲህ ያደረገው?"

"ብዙ ናቸው" አለች መድኃኒት።

"ምን አድርጎ?"

"ጥያቄ ጠይቆ።"

"ጥያቄ!" ሀምዲያ ሳቅ የሚመስል ድምፅ አወጣች። "አላህ! ስንቴ ነገርኩት፣ ስንቴ! 'ቧንቧህን ሽጥ፣ አፍህን ያዝ'። ምን ብሎ ጠየቀ?"

መድኃኒት ነገረቻት። ሀምዲያ ሰምታ ስትጨርስ ጠጋ አለቻት።

"መድዬ። አንቺ እውነቱን ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"እዚያው ተቀምጠሽ?"

"አዎ።"

"የሱን ግንባር ሐኪም ይሰፋዋል። የአንቺን አፍ ማን ሰፋው?"

ሱሌማን ዓይኑን ሳይገልጥ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

"ሱቁ... ቲነሩን... ሲያወጡኝ 'ሱቁን' ሲሉ ሰምቻለሁ..."

ሀምዲያ መጀመሪያ አልገባትም። ቲነር የቀለም ማቅጠኛ ነው፤ እንደ ቤንዚን ይነዳል። ሲገባት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ያለች አንድ ክፍል ናት፤ ከሱቁ በቀር መውጫ የላትም። ልጆቹን እዚያ ትታ ነው የመጣችው። "ወላሂ ያቃጥሉብኛል" አለችና በአቋራጩ ቁልቁል ሮጠች።

መድኃኒት ተከትላት ስትወጣ የዘነበ ፒክአፕ ከክሊኒኩ በር ላይ ቆሟል። ሞንታርቦ ጣሪያው ላይ ታስሯል። ዘነበ ከውስጥ ሆኖ በሩን ከፈተላት።

"ግቢ ቶሎ። ወጣቶቹ ወደ ሱቁ ወርደዋል። ካንቺ በቀር የሚመልሳቸው የለም።"

ገባች። ሹፌሩ ጡሩምባውን እየነፋ ቁልቁለቱን ተያያዘው።

"አንተ ነህ የላክሃቸው?"

"እኔ? ማርያምን! አንድ ቃል አልወጣኝም።"

"እሱን ነው የምልህ። አንድ ቃል አልወጣህም።"

"አንቺስ ወጣሽ?"

ጥያቄው መታት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሱቆች ከወዲያም ከወዲህም መዝጊያቸውን እያንኳኩ ያወርዳሉ።

"ስሚኝ፣ መድኃኒት። ያኔ እጄን ባላወጣ ቀጥሎ የምገመገመው እኔ ነበርኩ። ሁላችንም እንደዛ ነበርን። ስወጣ ግን ከልቤ ነው የወጣሁት፤ ይሄን እመኚኝ። ዘገየሁ፣ አዎ። 'ዘግይቼ ወጣሁ' የሚልን ሰው ማን ይመርጠዋል? አርአያ ቢኖር ይገባው ነበር።"

"የአርአያን ስም ተወው።"

"ሬሳውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ!" አለ ዘነበ፣ ድምፁ ተሰብሮ። "ከቤትሽ እስከ ቤተ ክርስቲያን። ረሳሽው?"

አልረሳችውም። ሌሎቹ ሲቀያየሩ እሱ ትከሻውን ለማንም አልለቀቀም ነበር። ያን ቀን ካየችው ነገር ሁሉ የት እንደምታኖረው ያላወቀችው ይህን ነው።

"አሁን ሰዉን መበተን ነው" አለ ዘነበ ተረጋግቶ። "ማይኩን እሰጥሻለሁ። 'ሱሌማንን ሕግ ይጠይቀው፣ ወደ ቤታችሁ ሂዱ' በያቸው። በቃ፣ ይሄን ብቻ።"

የሱቁ ደጅ ሲደርሱ መንገዱ ተዘግቷል። የመስኮቱ መስታወት ረግፏል፤ የቀለም ቆርቆሮዎች ተፈንክተው አስፋልቱ ላይ ነጭና ሰማያዊ ፈሷል፤ ወጣቶቹ ረግጠውት እጅ እግራቸው ሁሉ ተቀብቷል። ሀምዲያ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ቆማለች። ሻሿ ወልቆ አንድ ጆሮዋ ደምቷል። ከኋላዋ፣ ከውስጥ፣ ልጆች እሪ ይላሉ። ቴዎ አንድ ጀሪካን ከሱቁ አውጥቶ ክዳኑን ከፍቷል፤ የቲነሩ ሽታ መንገዱን ሞልቶታል።

"ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ ሀምዲያ! ካንቺ ጋር ጠብ የለንም!"

"አልወጣም! ስወጣ ልታነድዱት ነው! ከነ ልጆቼ አንድዱኝ!"

"ውጪ ነው የምልሽ!"

ድንጋይ መጣ፤ ከሀምዲያ ራስ በላይ በሩን መታ። ዝቅ አለች እንጂ አልለቀቀችም። ከወጣቶቹ አንዱ ክንዷን ይዞ ይጎትት ጀመር፤ ነከሰችው። በጥፊ መታት።

ዘነበ ማይኩን መድኃኒት እጅ ላይ አስቀመጠ። "ቶሎ በያ!"

ከመኪናው ወርዳ ማይኩን አፏ ላይ አደረገች። የራሷ ትንፋሽ ከጣሪያው ሞንታርቦ ሲወጣ ሰማችው። ሰዉም ሰማው፤ ዞረ።

"እትዬ ናት! ዝም በሉ፣ እትዬ መድኃኒት ትናገራለች!" አለ ቴዎ።

"አርአያ ሲሞት..." አለች። ድምፏ አልያዘላትም። እንደገና ጀመረች። "አርአያ ሲሞት ከእኔ ሌላ ማንም አልነበረም። ዘነበ አልነበረም። አርአያ ስለ ሕዝብ አልተናገረም። ውሃ ነው የጠየቀኝ። በግምገማው ላይ መጀመሪያ እጁን አውጥቶ ታማኝ አይደለም ያለው ዘነበ ነው። ሱሌማን የጠየቀው እውነት ነው።"

በሩ ውስጥ ያሉት ልጆች ብቻ ያለቅሳሉ። ዘነበ መኪናው ውስጥ ሆኖ በሹክሹክታ "መድኃኒት... መድኃኒት..." ይላል።

"እትዬ፣ አዳራሽ ውስጥ 'አዎ' አላሉም?" አለ ቴዎ። ጀሪካኑ በእጁ ላይ አዘንብሎ ጫማው ላይ ይፈሳል፤ አላስተዋለውም። "ሁላችን አይተናል እኮ።"

"አላልኩም። ስላቃተኝ ነው ያቀረቀርኩት። ስላቃተኝ ደግሞ ሰውዬውን ገደላችሁት።"

"ሞተ እንዴ?" አለ አንዱ ቀጭን ድምፅ።

"ገና አልሞተም።"

ቴዎ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። ፊቱ መጀመሪያ የልጅ ፊት ሆነ፤ ሂሳቡ የጠፋበት፣ ሊያለቅስ የደረሰ ልጅ። ወዲያው ግን ያ ፊት ጠነከረ። ወደ መኪናው አየ።

"ይሄ ነዋ!" አለ። "ለዚህ ሌባ ብዬ ነው ሰው የቀጠቀጥኩት?"

የመጀመሪያው ድንጋይ የፒክአፑን የፊት መስታወት ሰነጠቀው። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ እግሬ አውጪኝ አለ። እነዚያው እጆች፣ በነጭና በሰማያዊ ቀለም የተለወሱት፣ ዘነበን በክራቫቱ ይዘው ከመኪናው አወረዱት። "ገምግሙኝ አላልክም? እንገምግምሃ!" አለ አንዱ፤ ጥቂቶች ሳቁ። ያው ሰው ዘነበን በቡጢ አፉን መታው። ዘነበ አስፋልቱ ላይ፣ በቀለሙ ውስጥ ወደቀ። እጁን ወደ አፉ ሰደደና ጣቶቹን ግራ በተጋባ ዓይን ተመለከታቸው። አንዱ በሆዱ ረገጠው። ሌላው በጀርባው።

መድኃኒት ቆማ አየች። አላስጣለችውም። አርአያ ከሥራ ተባርሮ ፒጃማውን እንደለበሰ በረንዳ ላይ ይውል የነበረበትን ወራት አስታወሰች። ይህንን፣ ልክ ይህንን ዓይነቱን ነገር፣ ስንት ጊዜ ለብቻዋ ተመኝታው ነበር። አሁን ከእግሯ ሥር ነው። ምንም ሳታደርግ ብትቆም ይበቃል። ዝም ብትል።

ቴዎ የባንዲራውን ዘንግ ከመሬት አንሥቶ ከፍ አደረገ።

እንዴት እንደደረሰች አላወቀችም። ዘንጉ በዘነበ ራስ ላይ ሊያርፍ ሲወርድ ክንዷን ጣልቃ አስገባች፤ አንጓዋ ላይ አረፈ፤ አንድ ነገር ሲሰበር በጥርሷ ውስጥ ተሰማት። ተንበረከከች። ቴዎ ዘንጉን ከእጁ ጣለው፤ የጋለ ብረት የነካ ይመስል።

"እትዬ! እትዬ፣ አላየሁዎትም! እመብርሃንን አላየሁዎትም!"

"ዞር በል" አለችው።

"ይሄን ሰውዬ ያድኑታል? ጋሽ አርአያን እንደዛ አድርጎ?"

"ዞር በል አልኩህ።"

በቀረው እጇ ዘነበን በክንዱ ይዛ አነሣችው። ከበደ። በቀለምና በደም ተለውሶ፣ ክራቫቱ ጀርባው ላይ ዞሮ፣ ቆመ። ሀምዲያ ከበሩ ላይ ሆና ታያቸዋለች፤ ልጆቿ ከኋላዋ ወጥተው ቀሚሷን ይዘዋል። የምስጋናም የይቅርታም ምልክት ፊቷ ላይ አልነበረም። መድኃኒትም አልጠበቀችም።

ወጣቶቹ ግማሹ ድንጋይ እንደያዘ ቀስ ብሎ መንገድ ለቀቀ።

"መኪናው..." አለ ዘነበ በተሰበረ ጥርሱ መሃል። "ቁልፉ እዛው ነው። ቤቴ አድርሺኝ፤ ቤቴ፣ ባክሽ።"

"ወደ ቤትህ አይደለም።"

"ታዲያ ወዴት?"

"ሱሌማን ሆስፒታል ሳይወሰድ ክሊኒኩ እንድረስ። የጠየቀህን አልመለስክለትም።"

"እንዲህ ሆኜ?"

"እሱም እንዲህ ሆኖ ነው ያለው።"

ዘነበ ወደ ኋላው አየ። ሰዉ ከጀርባቸው ይከተላል፤ የሚናገር የለም፤ ድንጋዩንም የጣለ ብዙ አልነበረም። እሷ ብትለቀው የሚሆነውን ሁለቱም ያውቃሉ። የተሰበረ አንጓዋ ማበጥ ጀምሯል፤ ዳገቱ ገና ነው። መድኃኒት ክንዱን አጥብቃ ያዘችና የመጀመሪያውን እርምጃ ወደ ላይ አነሣች።